ከፊት በኩል የሚሰማ ድምፅ

ከጅማ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ ሰው 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ሸቤን ያገኛል። ሸቤ ቡና የሚሸጥባት፥ ቡና የሚሰጣባትና ቡና የሚጫንባት ከተማ ናት። ዋናው መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው። ከእርሱ ግራና ቀኝ እየተገነጠሉ ወደ በለጤ ደንና ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ የሚገቡት መንገዶች ግን ክረምት በገባ ቍጥር ጭቃቸው ጎማ ስለሚውጥ፥ በእነዚህ ላይ የሚፈለገው መኪና በፊትም በኋላም እግሩ የሚጎትተው፥ ሕዝቡ «ፎር ዊል» የሚለው ነው። የእርሻ ባለሙያው፥ ክትባት ይዞ የሚወርደው የጤና ሠራተኛ፥ ቡና ፈላጊው ነጋዴ ሁሉም የሚሳፈረው በእርሱ ነው። ዛሬ ከዩኒቨርስቲ ወጥቶ ነገ ወደ ወረዳ የሚመደበው ወጣት አንባቢያችንም ከምደባው ደብዳቤ ቀጥሎ የሚተዋወቀው ከዚሁ መኪና ጋር ስለሆነ፥ መኪናው ሲታመም ምን ብሎ እንደሚናገር ጥቂት ለመግለጥ አስበናል።

«ድምፅ ምን ያደርጋል? መኪናው እስከ ሄደ ድረስ ይሂድ» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲያውም ሬዲዮውን ከፍ በማድረግ የመኪናቸውን በሽታ የሚያክሙ ሾፌሮች እንዳሉ እናውቃለን። ነገር ግን የኋላና የፊት እግር በሽታ አንድ አይደለም። የኋላው ሲሰበር መኪናው ብዙውን ጊዜ ካለበት ይቆማል፤ የፊቱ ሲሰበር ግን መሄዱን አይተውም፥ የሚተወው መታዘዙን ነው። መሪው የሚያዞረው የፊቱን እግር ነው። ፍሬን ሲያዝም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል፥ ከማቆሙ ሥራ የሚበዛውን የሚሠሩት የፊት ፍሬኖች ናቸው። ከሸቤ አልፎ ወደ ጎጀብ ወንዝ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው፥ አሥር ሰው የጫነ መኪና እዚያ ላይ የመሪው ቴስቲና ቢወልቅበት፥ ወይም የጎማው ኩሽኔታ ግሎ ቢነክስበት ምን እንደሚሆን ሊነገረው አያስፈልግም። ደግነቱ እነዚህ ዕቃዎች እንዲሁ በድንገት የሚሰበሩት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው ለቀናት፥ አንዳንዴም ለሳምንታት ይናገራሉ።

ሲናገሩ የሚሰማው ይሰማል፤ የሰማውን አጣርቶ የሚጽፈው ግን ጥቂት ነው። የየመሥሪያ ቤቱን የጉዞ መዝገብ ገልጦ ያየ ሰው በብዙ ገጾች ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ያገኛል፤ «ከፊት ድምፅ አለው» ይላል። ኃላፊው ይፈርማል፤ መኪናው ጅማ ይላካል፤ ጋራዡም የጠረጠረውን ዕቃ ይቀይራል። ድምፁ ካልጠፋ ሌላ ይቀይራል። በዚህ ዓይነት ለአንድ ድምፅ የሦስት ድምፅ ገንዘብ ይከፈላል። ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ያመኛል» ብቻ ብሎ ዝም የሚል በሽተኛ የትኛው መድኃኒት ሊታዘዝለት ነው? «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶች ቃል የተነገረው ለሰው ቢሆንም ለመኪናም የሚሠራ ሆኖ አግኝተነዋል።

ቋንቋችን ለዚህ ጉዳይ ድኻ ሆኖ አይደለም። ቋ ማለት ሌላ፥ ጠቅ ጠቅ ማለት ሌላ፥ ሲጥ ሲጥ ማለት ሌላ ነው። ማጓራትና ማፏጨት፥ መፋጨትና መንገጫገጭ እያንዳንዳቸው ለመካኒኩ የየራሳቸው ትርጕም አላቸው። የዕቃዎቹ ስም ግን ሌላ ታሪክ አለው። አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ቢሆንም፥ የጋራዥ ቃላታችን የሚበዙት ከኢጣልያንኛ የተወሰዱ ናቸው፤ ባልስትራ፥ ኩሽኔታ፥ ክሮቸራ፥ ቴስቲና፥ ቦኮላ፥ ጎሚኒ፥ ግራሶ፥ ክሪክ፥ ዳዶ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ የቈየው ጠላት ወደ ጅማ የሚወስደውን መንገድ ለጦሩ ሲያሠራ፥ በመንገዱ ላይ ካሚዮኖቹን ብቻ ሳይሆን ቃላቱንም ጥሎ ሄዷል። ዛሬ ወጣቱ በትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የተማረውን ስም ይዞ ጋራዥ ሲገባ ከመካኒኩ ጋር የማይግባባው ስለዚህ ነው። በእኛ አስተያየት፥ የመካኒኩን ቃል ለማረም ከመነሣት በፊት ቃሉን መማር ይቀድማል።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ድምፅን የሚመረምር ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ከየት ይመጣል?» ብሎ አይደለም። «መቼ ይመጣል?» ብሎ ነው። ብረት ድምፅን እንደ ሽቦ ስለሚያስተላልፍ፥ ቀኝ እግር ላይ የተነሣው በሻንሲው ተጕዞ ሾፌሩ እግር ሥር ይጮኻል፤ ስለዚህ «ከየት» ለሚለው ጥያቄ ጆሮ ብዙ ጊዜ የሐሰት ምስክር ይሆናል። «መቼ» ለሚለው ግን እምብዛም አይዋሽም። ሲታጠፍ ነው? ፍሬን ሲያዝ ነው? ጕድጓድ ሲመታ ነው? ፍጥነት ሲጨምር አብሮ ይጨምራል? ነዳጅ ሲሰጠውና ሲለቀቅ ይለያያል? የፊት እግሩ ሲያያዝ ብቻ ነው? የሸቤ ሰው ጀንፈል ቡና መድረቁን የሚያውቀው ከጆሮው አጠገብ እያንቀጠቀጠ ነው፤ ፍሬው በገለፈቱ ውስጥ ከተንኳኳ ደርቋል። ድምፁን የሚያወጣው እንቅስቃሴው ነውና መኪናም የሚመረመረው እንደዚሁ እየተንቀሳቀሰ ነው።

ከዚህ ሌላ ቈጠራ የሚባል ጥሩ ዘዴ አለ። የእነዚህ መኪናዎች ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2 ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል። በሰው እርምጃ ፍጥነት፥ ማለት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሲነዱ፥ ጎማው አንድ ዙር የሚጨርሰው በ2 ሰኮንድ ገደማ ነው። ከማርሽ ሣጥኑ ኃይል ወደ አክስሉ የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ግን በዚያው ጊዜ አራት ጊዜ ያህል ይዞራል። ስለዚህ ከጎማው ጎን በጠመኔ ምልክት አድርጎ፥ አንድ ሰው ከውጭ እየተራመደ ቢቈጥር፥ ድምፁ በዙር አንድ ጊዜ ከመጣ ነገሩ ከጎማው፥ ከፍሬኑ ወይም ከኩሽኔታው ነው። በዙር አራት ጊዜ ያህል ከመጣ ዘንጉና ክሮቸራው ይጠረጠራሉ። የደረቀ ክሮቸራ እንደ ወፍ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ማርሽ ሲገባም ቃ ብሎ ይመታል። ግራሶ ማስገቢያ ያለው ከሆነ ግራሶ ሲያገኝ ዝም ይላል። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ከጮኸ ውስጡ አልቋልና መቀየር አለበት።

በአንድ የመስከረም ወር በአንድ መሥሪያ ቤት መኪና ወደ ሸቤ ቀበሌዎች ወርደን ነበር። መኪናዋ ከ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በላይ ስትነዳ በደኑ ዛፍ ላይ እንደ ተሰቀለ የንብ ቀፎ ታጓራለች። ሾፌሩ ድምፁ ከግራ ነው በማለቱ፥ ከሃያ ቀን በፊት የግራው ጎማ ኩሽኔታ በአንድ ጋራዥ ተቀይሮ ነበር። ዕቃው ደኅና ዕቃ ነው፤ አገጣጠሙም ነቀፋ አልነበረበትም። ድምፁ ግን እንደ ነበረ አለ።

ሸቤ ስንደርስ ከመንገድ ዳር ባለች የቆርቆሮ ጋራዥ አንድ ሽበታም መካኒክ አገኘን። ሾፌሩ «ጋሼ፥ ይህችን ነገር እስቲ እዩልን» ቢላቸው፥ መፍቻ ከማንሣት ይልቅ ከጎኑ ገብተው ተቀመጡና «ንዳ» አሉት። ቀጥ ብሎ ግልጥ በሆነው አስፋልት ላይ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄደ መሪውን ቀስ አድርጎ ወደ ግራ፥ ከዚያም ወደ ቀኝ እንዲያወዛውዝ አዘዙት። መኪናዋ ወደ ግራ ስታዘነብል ማጓራቱ በረታ፤ ወደ ቀኝ ስትመለስ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ቀጥሎ ከአስፋልቱ ወደ ጠጠሩ አወጡት፤ ድምፁ አልተለወጠም። ከመኪናው ወርደው የሁለቱንም የፊት ጎማዎች መኻል በእጃቸው ጀርባ ቀረብ እያደረጉ አመዛዘኑ። የቀኙ ይበልጥ ይሞቅ ነበር።

«የታመመው ቀኙ ነው ልጄ» አሉት። «አንተ የምትቀመጠው በግራ ነው፤ መስኮትህም ክፍት ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ከግራ የሚጮኽ ይመስልሃል።»

ምክንያቱን እንዘርዝረው። መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይጫናል። የተጐዳ ኩሽኔታ ሸክም ሲበዛበት ይበልጥ ይጮኻል፤ ሸክሙ ሲቀልለት ያርፋል። ስለዚህ ወደ ግራ ሲዞሩ የሚበረታው ድምፅ የቀኙ ነው፥ ወደ ቀኝ ሲዞሩ የሚበረታው የግራው ነው። የጭቃ ጎማ ጥርሱ ሰፊ ስለሆነ በአስፋልት ላይ ልክ እንደ ኩሽኔታ ያጓራል፤ ነገር ግን ጠጠር ወይም አፈር ላይ ሲወጣ ድምፁ ይለወጣል። የኩሽኔታ ድምፅ መሬቱን አይመርጥም። ይህ ሁሉ ምርመራ አንድ ዳዶ ሳይፈታ ተፈጸመ።

ከዚያ በኋላ ነው ክሪክ የመጣው። የኋላዎቹ ጎማዎች በድንጋይ ተደገፉ፤ የፊቱ ቀኝ እግር ተነሣ፤ ከሥሩም ግንድ ገባ፤ ክሪክ ብቻ ታምኖ ከመኪና ሥር መግባት ሞኝነት ነውና። መካኒኩ ጎማውን አንድ እጃቸውን ከላይ፥ አንዱን ከታች አድርገው ሲገፉና ሲስቡ ቋ ቋ አለ። ወዲያው ሾፌሩን «ፍሬን ያዝ» አሉት። ያዘ፤ መንቀጥቀጡ ቆመ። ይህች ትንሽ ዘዴ የምትነግረው ብዙ ነው። ፍሬን ሲያዝ ጎማው ከተሸከመው አንገት ጋር አንድ አካል ይሆናል፤ ክፍተቱ ያለው በሁለቱ መካከል ባለው ኩሽኔታ ላይ ከሆነ ይጠፋል። ፍሬን ተይዞም ቋ ማለቱ ካልተወ ግን ጥፋቱ ከዚያ ወዲያ፥ አንገቱ ራሱ በሚዞርበት ማጠፊያ ላይ ነው። እጅን ወደ ግራና ቀኝ ጎን አዙሮ ጎማውን መወዝወዝ ደግሞ የመሪውን ቴስቲናዎች ይመረምራል። ያን ጊዜ አንድ ሌላ ሰው እጁን ከየቴስቲናው ላይ ቢያሳርፍ የላላው መዳፉ ውስጥ ይመታል።

ሲፈታ ግራሶው ማኪያቶ መስሎ ወጣ፤ ውሃ ገብቶበታል። የኩሽኔታው ተንከባላዮች ልሙጥ መሆን ሲገባቸው በምስጥ እንደ ተበላ እንጨት ተቦርቡረዋል። ውሃው ከየት መጣ? ሾፌሩ በክረምቱ ወደ ቀበሌዎቹ ሲመላለስ በየቀኑ ሁለት ወንዝ ይሻገር እንደ ነበረ ተናገረ። ረጅም መንገድ የሄደ የጎማ መኻል የጋለ ነው። የጋለው ብረት በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኰማተራል፤ ሲኰማተርም በአረጀው ጎሚኒ በኩል ውሃ ይስባል። የአካባቢው ዐዋቂ ሾፌሮች ወንዝ ዳር ሲደርሱ ጥቂት ቆመው የሚነጋገሩት ጥልቀቱን ለመለካት ብቻ አይደለም፤ መኪናዋ እስክትበርድ ነው። ሾፌራችን ግን ስብሰባ የሚያስቸኵለው ኃላፊ ከጎኑ ተቀምጦ «ግባ፥ ግባ» ይለው ነበር።

አዲሱ ኩሽኔታ በማግስቱ ጧት ከጅማ በአውቶቡስ ተላከ። መካኒኩ ከተንከባላዮቹ ጋር የውጪውንም ቀለበት ቀየሩት፤ አዲስ ተንከባላይ በአሮጌ ቀለበት ላይ ቢገጠም ዕድሜው አጭር ነውና። ቤቱን በላምባ አጥበው፥ በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው፥ ግራሶውን በመዳፋቸው እየገፉ በተንከባላዮቹ መካከል እስኪያልፍ አስገቡት። ዳዶውን ሲያጠብቁ ጎማውን እያዞሩ ነው። አጥብቀው አላሉት፤ ደግሞም ቀስ ብለው እስኪነካ ብቻ መለሱት። ብዙ ሰው አጥብቆ ማሰር መልካም ሥራ ይመስለዋል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ ግን ከላላው ቀድሞ ይነዳል።

ሸቤ ላይ አስፋልቱ ከመጣ ወዲህ የተወለደ አንድ ሌላ ድምፅ አለ። ሾፌሩ ከጭቃው ቀበሌ አራቱንም እግር አያይዞ ይወጣል፤ አስፋልት ሲያገኝ ደስታው ትንሿን ማርሽ መመለስ ያስረሳዋል። ከዚያ መታጠፊያ ላይ መሪው ይከብዳል፤ ጎማዎቹ ይንፏቀቃሉ፤ ከፊት ቃ፥ ቃ የሚል ይሰማል። ይህ በሽታ አይደለም። የፊት ጎማዎች ሲታጠፉ ከኋላዎቹ ይልቅ ሰፊ ክብ ይዞራሉ። በፊትና በኋላ አክስሉ መካከል 2 ሜትር ከ70 ያለው መኪና የኋላው መኻል በ6 ሜትር ክብ ላይ እየሄደ ሩብ ዙር ቢታጠፍ፥ የፊቱ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል የበለጠ ይጓዛል። ሁለቱ አክስሎች በአንድነት ተቈላልፈው እኩል እንዲዞሩ ከተገደዱ ይህ ልዩነት መውጫ ያስፈልገዋል፤ ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራትቶ ያወጣዋል፥ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን አይንሸራተትም፤ ስለዚህ ብረት ከብረት ይታገላል። አንዳንዶቹ መኪናዎች በመካከል ዲፈረንሻል ስላላቸው ይህ አያገኛቸውም። ማርሹን መልሶ ጥቂት ወደ ኋላ ቢነዱት ትግሉ ይፈታል፤ ጋራዥ መሄድም አያስፈልግም።

ሲታጠፍ ብቻ የሚሰማው ጠቅ ጠቅ ግን የሚያሳስብ ነው። ላንድሮቨር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ፥ ዛሬ በየወረዳው «ሃርድቶፕ» የሚባለው በ1984 ዓ.ም. የወጣው ባለ 70 ቍጥር የቶዮታ ላንድክሩዘር ዘር ጭምር፥ የእነዚህ መኪናዎች መሠረታዊ ችግር አንድ ነበር፤ የሚታጠፈውን ጎማ እንዴት አድርጎ ማዞር ይቻላል? ክሮቸራ ብቻውን አይበቃም፤ ጠምዘዝ ሲል በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፥ ሁለት ጊዜም ይዘገያልና መሪውን ያንቀጠቅጣል። አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ የፎርድ ኩባንያ መሐንዲስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1920ዎቹ ስድስት የብረት ኳሶች በቦይ ውስጥ የሚሄዱበትን መጋጠሚያ ፈልስፎ ይህን አስተካከለ። በላንድክሩዘሩ የፊት እግር አንገት ውስጥ፥ በክብ የብረት ቤት የተሸፈነው ይኸው ነው። ቦዮቹ ሲበሉ ኳሶቹ እየዘለሉ ጠቅ ጠቅ ይላሉ።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በጎማው መኻል ያለችው በእጅ የምትዞር መቈለፊያ ካልታሰረች፥ በሁለት እግር ሲነዳ ይህ መጋጠሚያ ከነዘንጉ ቆሞ ይቀራልና ዝምታው የጤንነት ምስክር አይሆንም። መመርመር የፈለገ በሁለቱም በኩል መቈለፊያዋን አስሮ፥ አራቱን እግር አያይዞ፥ በላላ መሬት ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ በዝግታ ይዙር። መቈለፊያዋ ስትፈታ የሚጠፋ ድምፅ ከዘንጉ፥ ከመጋጠሚያው ወይም ከፊቱ ዲፈረንሻል ነው፤ ተፈትታም የማይጠፋው ወደ ኩሽኔታ፥ ወደ ፍሬንና ወደ ባልስትራ ይመራል። ከምርመራዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ጊዜ የሚያተርፍ አላየንም።

ጕድጓድ ሲመታ ቋ የሚለውን በአጭሩ እንለፈው፤ የባልስትራው ቦኮላ፥ የአሞርዛተሩ ጎሚኒ፥ ወይም ባልስትራውን ከአክስሉ ያሰረው ቡሎን ላልቷል ማለት ነው። በዓይን ይታያል፤ የላላ ብረት በሚፋተግበት ቦታ ዝገት የመሰለ ቀይ ዱቄት ያወጣል። ከጠጠር መንገድ እንደ ወጡ በድንገት የሚጀምር ጆሮ የሚበጥስ ፍጭት ደግሞ ብዙ ጊዜ በፍሬኑ ዲስክና በመከለያው ቆርቆሮ መካከል የገባች ጠጠር ናት። ለዚህች ጠጠር ሲባል ፍሬን ተፈትቶ ያውቃል።

ዘንድሮ ወጣቶቹ ድምፁን በስልክ ቀድተው አዲስ አበባ ላለ መካኒክ መላክ ጀምረዋል። መልካም ነው፤ ነገር ግን የስልክ ድምፅ ማውጫ ትንሽ በመሆኑ ጠቅ ጠቅና ሲጥ ሲጥ ያደርሳል እንጂ የኩሽኔታን ወፍራም ጕርታ አያደርስም። ዝም ያለውን ስልክ ሰምቶ «ደኅና ነው» የሚል መካኒክ ሊኖር ስለሚችል፥ ከቀዳው ጋር የተጻፈ ቃል መኖር አለበት።

ሸቤ ላይ ካየነው በኋላ ያ ሾፌር የሚጽፈው ተለውጧል። በሌላ ጊዜ መዝገቡን ስናየው በኅዳር ወር እንዲህ የሚል ሰፍሮ አገኘን፤ «ጠቅ ጠቅ ይላል። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ብቻ። መቈለፊያ ሲታሰር ይሰማል፥ ሲፈታ ይጠፋል። ፍሬን ሲያዝ ለውጥ የለውም። በግራ ጎማ አንገት ላይ ግራሶ ፈሷል።» ከሥሩ የፈረመው ኃላፊ በራሱ እጅ ጨምሮ «እስኪሠራ ወደ ጎጀብ አይውረድ» ብሎበታል።